ከሐረሩ ነጋዴ በፊት የነበረው ገጣሚ

ሐረር ጀጎል ገብቶ የወጣ ሰው «የራምቦ ቤት» የሚባለውን ያውቀዋል፤ በእንጨት ሥራ ያጌጠ፣ ባለ ቀለም መስታወት ያለው ባለ ፎቅ ቤት ነው። ቤቱን ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ሲሆን የተሠራውም ራምቦ ከሞተ ከዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ስሙን ይዞለታል እንጂ ራምቦ አልኖረበትም። ስለ አርተር ራምቦ በአገራችን የሚነገረውም አብዛኛው እንዲሁ ሰውየውን አልፎት ይሄዳል። ለምኒልክ ጠመንጃ አመጣ፣ ቡናና ቆዳ ነገደ፣ እግሩን ታሞ በቃሬዛ ከሐረር ወጣ ይባላል። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ፈረንሳይ ውስጥ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉ ስሙን የሚያውቀው በጠመንጃው አይደለም፤ ከ15 ዓመቱ እስከ 20 ዓመቱ ገደማ ጽፎ በተወው ግጥም ነው። ያ ግጥም ምን እንዳፈረሰና ምን እንደገነባ በአማርኛ ተብራርቶ እምብዛም ስላላጋጠመኝ እዚህ የማተኩረው እሱ ላይ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ራምቦ ኦክቶበር 20 ቀን 1854 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ሻርልቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ አልጄሪያ የዘመተ የእግረኛ ጦር ሻምበል ነበር፤ ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤቱን ጥሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። እናቱ ቪታሊ ኩዊፍ ከገበሬ ቤተሰብ የተገኘች፣ ኮስታራና ሃይማኖተኛ ሴት ነበረች፤ አራት ልጆቿን ብቻዋን አሳደገች። ልጁ ትምህርት ላይ የሚያስደንቅ ነበር፤ በላቲን ግጥም እየጻፈ ሽልማት ይወስድ ነበር። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «ሕግ የጣሰ ወጣት» ሲባል ሕጉን የማያውቅ ይመስላል። ራምቦ ግን ሕጉን ከብዙዎቹ የዘመኑ ገጣሚዎች አሳምሮ ያውቀው ነበር።

ሕጉ ምን ነበር? የፈረንሳይኛ ግጥም ዋና ምጣኔ አሌክሳንድራን ይባላል። አንዱ ስንኝ 12 ቀለም (የድምፅ ክፍል) አለው፤ ስድስተኛው ቀለም ላይ ድምፅ ያርፋል፤ ከዚያ ቀሪው ስድስት ይከተላል። የአማርኛ ግጥም እየሰማ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ የእኛ የወል ቤትም ስድስት በስድስት የሚራመድ ነው። በሁለቱም ቋንቋ መሐል ላይ ያለችው ዕረፍት ጆሮን ታሳርፋለች፤ ሐሳቡም ብዙውን ጊዜ እዚያው ላይ ተቆርጦ ይቀጥላል። በፈረንሳይ ይህ ምጣኔ ከ200 ዓመት በላይ የትያትሩም የቅኔውም ንጉሥ ሆኖ ቆይቷል። ቪክቶር ሁጎ ቀደም ብሎ ነቅንቆት ነበር፤ ራምቦ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ አፈረሰው። የሥራውን ታሪክ ለመረዳት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ይህን አፈራረስ መከተል ይመስለኛል።

በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሲያ ጦርነት ገጠሙ። ልጁ 15 ዓመቱ ነበር። በነሐሴ መጨረሻ በቂ ቲኬት ሳይዝ በባቡር ወደ ፓሪስ ኮበለለ፤ ተይዞ ማዛስ እስር ቤት ገባ፤ ያስፈታው መምህሩ ዦርዥ ኢዛምባር ነው። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ኮበለለና በዚያው ጥቅምት «ሸለቆ ውስጥ የተኛው» የሚል 14 ስንኝ ያለው ግጥም ጻፈ። ጠጋ ብለን እንየው።

ግጥሙ አረንጓዴ ስፍራ ላይ ይከፈታል፤ ወንዝ ይዘምራል፣ ፀሐይ ከተራራው ታበራለች። አንድ ወጣት ወታደር አፉን ከፍቶ፣ ራሱን ተከናንቦ ሳይሆን ገልጦ፣ ሣር ላይ ተኝቷል። እግሮቹ አበባ ውስጥ ናቸው። እንደ ታመመ ሕፃን ፈገግ ብሏል። ከዚያ ገጣሚው ተፈጥሮን ይለምናታል፤ ሞቅ አድርገሽ እሹሩሩ በዪው፣ በርዶታል ይላታል። እዚህ ላይ አንባቢ ትንሽ ይሠጋል፤ ፀሐይ እየወጋው ለምን ይበርደዋል? ቀጥሎ የአበባው ሽታ አፍንጫውን እንደማያነቃንቀው ይነግረናል። መጨረሻው እንዲህ ነው፦

«ፀሐይ ላይ ተኝቷል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣
ጸጥ ብሎ። በቀኝ ጎኑ ሁለት ቀያይ ቀዳዳዎች አሉ።»

ሞት የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። ጦርነትን የሚያወግዝ ቃልም የለም። ነገር ግን ሐረጉ እንዴት እንደተሰበረ እንይ። «ጸጥ ብሎ» የሚለው የበላዩ ስንኝ ሐሳብ ነው፤ ቦታው ግን የታችኛው ስንኝ መጀመሪያ ላይ ሆነ፤ ወዲያውም አራት ነጥብ መጣ። የለመደው ስድስት በስድስት እዚያ ላይ ተሰናከለ። አንባቢው ከእንቅልፉ የሚነቃው ወታደሩ እንደማይነቃ በሚረዳበት ቅጽበት ነው። 16 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ምጣኔን እንዲህ አድርጎ ለትርጉም ማሠራቱ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

በግንቦት 1871፣ ፓሪስ መንግሥትን በተቃወመው ሕዝባዊ አመፅ፣ በኮሚዩኑ፣ እየነደደች ሳለ፣ ራምቦ በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፤ አንዱን ለመምህሩ ለኢዛምባር፣ ሌላውን ለገጣሚው ፖል ደመኒ። ዛሬ «የባለ ራእዩ ደብዳቤዎች» ይባላሉ። ዋና ሐሳቡ ገጣሚ ራሱን ባለ ራእይ ማድረግ አለበት የሚል ነው፤ መንገዱም «ረጅም፣ ግዙፍና በሐሳብ የተመራ የስሜት ሕዋሳት ሁሉ መናወጥ» ነው። ይህን አረፍተ ነገር ብዙ ሰው ጠጥቶ መጻፍን ለመፍቀድ ይጠቅሰዋል። «በሐሳብ የተመራ» የሚለውን ግን ይዘልሉታል። ልጁ ይናገር የነበረው እንደ ሙከራ የታሰበ ከባድ ሥራ ስለመሥራት ነው፤ ገጣሚው ከሁሉ በፊት ራሱን ማጥናት፣ ነፍሱን መፈተሽ፣ መፈተን አለበት ይላል።

በእነዚሁ ደብዳቤዎች ላይ ነው በዓለም የታወቀውን ዓረፍተ ነገር የጻፈው፦ «እኔ ሌላ ነው»። ሰዋስዉን ሆን ብሎ አጣሞታል፤ «ነኝ» ማለት ሲገባው «ነው» አለ። ሐሳቡን ሲያስረዳም ናስ መለከት ሆኖ ቢነቃ ጥፋቱ የናሱ አይደለም ይላል። ሐሳቤ ሲፈለፈል ቆሜ አያለሁ፣ እሰማለሁ ይላል። እስከዚያ ድረስ በፈረንሳይኛ የግል ስሜት ግጥም «እኔ» የሚለው ገጣሚው ራሱ ነበር፤ አዘንኩ ሲል እሱ አዝኗል፣ ወደድኩ ሲል እሱ ወዷል። ራምቦ ይህን ውል ቀደደው። በግጥም ውስጥ የሚናገረው «እኔ» ከገጣሚው ውጭ የሚወለድ፣ ገጣሚው ራሱ የሚያዳምጠው ድምፅ ሆነ። ዛሬ ይህ ለብዙ ገጣሚ ግልጽ ነገር ነው፤ በ1871 ግን የሻርልቪል ልጅ የጻፈው አስደንጋጭ ሐሳብ ነበር።

ሐሳቡ ሥራ ላይ ሲውል ያየነው በዚያው ዓመት «የሰከረው ጀልባ» ላይ ነው። 100 ስንኝ ያለው ይህ ግጥም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚናገረው ጀልባው ነው። በገመድ የሚጎትቱት ሰዎች ይገደላሉ፣ ጀልባው መሪ አጥቶ ወንዙን ይወርዳል፣ ባሕር ይገባል፣ ሰው አየሁ ብሎ የሚያስበውን ሁሉ ያያል። ራምቦ ይህን ሲጽፍ ባሕር አይቶ አያውቅም። ጀልባው በደስታ ሲምዘገዘግ «ሮጥኩ! መልሕቃቸውን የበጠሱ ልሳነ ምድሮችም…» የሚል ስንኝ አለ። ፈረንሳይኛውን ቆጥሮ ላነበበ ሰው ስድስተኛው ቀለም የሚያርፈው «ልሳነ ምድሮች» የሚለው ቃል መሐል ላይ ነው፤ ዕረፍቱ ቃሉን ሁለት ላይ ይሰነጥቀዋል። በወል ቤት ቢሆን አንባቢው ቃሉን ከመሐሉ ቆርጦ እንዲተነፍስ ከመገደድ ጋር አንድ ነው። የብስ ከሥሩ ተነቅሎ ሲሄድ ምጣኔውም አብሮ ተነቀለ ማለት ነው። ግጥሙ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ግን ጉልበቱ ይሟጠጣል፤ ጀልባው ከአውሮፓ ውኃ አንድ ነገር ብቻ እንደሚመኝ ይናገራል፤ በምሽት፣ በጥቁርና ቀዝቃዛ ኩሬ ዳር ቁጢጥ ያለ ያዘነ ልጅ እንደ ግንቦት ቢራቢሮ የሳሳች ጀልባ የሚለቅበትን።

ይህን ይዞ በመስከረም 1871 ፓሪስ ገባ። የጠራው ገጣሚው ፖል ቬርሌን ነው፤ 27 ዓመቱ፣ አዲስ ያገባ፣ ልጅ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ሁለቱ የፍቅር ግንኙነት ጀመሩ፤ ቬርሌን ሚስቱንና ጨቅላ ልጁን ጥሎ በ1872 ከራምቦ ጋር ወደ ብራስልስ፣ ከዚያ ወደ ለንደን ሄደ። ጠብ፣ መጠጥና ድህነት የሞላበት ጊዜ ነበር። ጁላይ 10 ቀን 1873 ብራስልስ ውስጥ ቬርሌን ሁለት ጥይት ተኮሰበት፤ አንዱ ግራ እጁን አንጓው ላይ መታው። ቬርሌን ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ይህ ታሪክ ብዙ ተጽፎበታል፤ ከግጥሙ በላይ ስለሚነገርም እዚሁ ላይ ልተወው።

በእነዚያ ዓመታት የጻፋቸው አጫጭር ዘፈን መሰል ግጥሞች አሌክሳንድራንን ሙሉ በሙሉ ትተዋል። «ዘላለም» የሚለው አምስት አምስት ቀለም ብቻ ባላቸው ስንኞች ተጽፏል፦ «ተገኘች። / ምን? — ዘላለም። / ባሕር ናት / ከፀሐይ ጋር የሄደች።» ልጆች የሚዘፍኑት ይመስላል፤ ማብራሪያም አይሰጥም። «አናባቢዎች» የሚባለው፣ ለእያንዳንዱ አናባቢ በዓይን የሚታይ ቀለም የሰጠበት ግጥም ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ታዋቂ ነው፤ እኔ ግን ከመጠን በላይ ተተንትኗል ባይ ነኝ።

ከጥይቱ በኋላ በእናቱ ቤተሰብ እርሻ፣ ሮሽ ውስጥ ተቀምጦ «አንድ ወራት በገሃነም» የተሰኘውን መጽሐፍ ጨረሰ። በዝርው (በስድ ንባብ) የተጻፈ ኑዛዜና ክርክር ነው። ገና በመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «አንድ ምሽት ውበትን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። መራራ ሆና አገኘኋት። ሰደብኳትም።» በአንዱ ምዕራፍ የባለ ራእይነትን ሙከራውን ራሱን ይመረምርና «ከእብደቶቼ የአንዱ ታሪክ» ብሎ ይጠራዋል። ሌላው ምዕራፍ «መጥፎ ደም» ነው፤ ለእኛ አንባቢዎች ከሁሉ የሚቀርበውም እሱ ይመስለኛል። ተናጋሪው ራሱን ከተገዢዎቹ ወገን አቁሞ የቅኝ ገዢዎችን መምጣት ያያል፦ «ነጮቹ ወረዱ። መድፍ! መጠመቅ፣ ልብስ መልበስ፣ መሥራት ግድ ነው።» ይህ በ1873 የተጻፈ ነው፤ አፍሪካን ለመቀራመት የበርሊን ጉባኤ ከመጠራቱ 11 ዓመት ቀደም ብሎ።

እዚያው ምዕራፍ ውስጥ አውሮፓን እለቃለሁ፣ የባሕር አየር ሳንባዬን ያቃጥለዋል፣ ወርቅ ይኖረኛል፣ ከሞቃት አገር የተመለሱ ጨካኝ በሽተኞችን ሴቶች ያስታምማሉ የሚል አለ። ኋላ የደረሰበትን የሚያውቅ ሰው ሲያነበው ይደነግጣል፤ ብዙዎችም ትንቢት ይሉታል። እኔ አልስማማም። ክፍሉ በዘመኑ ብዙ ወጣት የሚመኘውን ምኞት አንሥቶ፣ አንዳንዴም እያፌዘበት፣ እስከ ጫፉ የሚገፋ ነው። ትንቢት ካልነው የጽሑፉን ጥንካሬ ለዕድል አሳልፈን እንሰጣለን።

መጽሐፉ በ1873 ብራስልስ ውስጥ ታተመ። ራምቦ ጥቂት ቅጂ ወስዶ ለወዳጆቹ ሰጠ፤ የቀረውን ክፍያ ስላልጨረሰ አታሚው ዘንድ ተወው። ሁሉንም አቃጠለው የሚል ወሬ ለብዙ ዓመት ሲነገር ኖሯል፤ በ1901 ግን ሌዮን ሎሶ የተባለ ቤልጅየማዊ መጻሕፍት ሰብሳቢ ቅጂዎቹን በማተሚያ ቤቱ መጋዘን እንደተከመሩ አገኛቸው።

የመጨረሻው ሥራው «ኢሉሚናስዮን» የዝርው ግጥሞች ስብስብ ነው። ከመካከላቸው «የባሕር ሥዕል» እና «እንቅስቃሴ» የተባሉት ሁለቱ በስንኝ ተሰድረዋል፤ የቀለም ቁጥርም ቤት መምቻም የላቸውም። በፈረንሳይኛ የመጀመሪያዎቹ ነጻ ስንኞች ተብለው የሚቆጠሩት እነዚህ ናቸው። «የባሕር ሥዕል» አሥር ስንኝ ብቻ ናት። የብርና የመዳብ ሠረገላዎች፣ የብረትና የብር መርከብ አፍንጫዎች አረፋውን ይመታሉ፤ የእሾህ ቁጥቋጦን ከሥሩ ይነቅላሉ። መርከቡ መሬት ያርሳል፤ ሠረገላው ባሕር ይቀዝፋል። «መሰለ» የሚል ማገናኛ የለም፤ ሁለቱ ዕይታ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ የቱ የብስ የቱ ባሕር እንደሆነ መለየት ይቸግራል። አሌክሳንድራን እዚህ ላይ ጭራሹን የለም፤ ስንኙን ስንኝ የሚያደርገው ዕይታው የሚታጠፍበት ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው የነጻ ስንኝ ግጥም ብዙ ነገር ከዚህች ገጽ ተምሯል።

ራምቦ ቬርሌንን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው በ1875 ሽቱትጋርት ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ የጻፈው አዲስ ሥነ ጽሑፍ አልታወቀም። ለሆላንድ ቅኝ ገዢ ጦር ተመዝግቦ ጃቫ ደረሰ፤ ከጦሩ ከዳ። ቆጵሮስ ውስጥ የድንጋይ ካባ ሥራ ተቆጣጠረ። በ1880 አደን ሄዶ የባርዴ የንግድ ቤት ቀጠረው፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሐረር ገባ። ሐረር ያን ጊዜ በግብፆች እጅ ነበረች።

ከሐረር ለእናቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ገጣሚን ለሚፈልግ ሰው ያሳዝናሉ፤ ስለ ቡና፣ ስለ ቆዳ፣ ስለ ዝሆን ጥርስ፣ ስለ ገንዘብና ስለ መሰልቸት ናቸው። እናቱን መጽሐፍ ላኪልኝ ሲላት የሚጠይቀው የአናጢነትና የብረት ማቅለጥ መመሪያ ነው፤ በ1885 ደግሞ የአንቷን ዳባዲን የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘዘ። የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጥቶ በ1883 ራሱን አነሣ። ስለ ኦጋዴን ያዘጋጀው ዘገባ በ1884 በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ታተመ። ዓረፍተ ነገሩ ደረቅና ትክክለኛ ነው፤ ጌጥ የለውም።

ጠመንጃውን በተመለከተ፣ ፒየር ላባቱ ከተባለ ነጋዴ ጋር ተሻርኮ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ አሮጌ ጠመንጃ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለመሸጥ ከታጁራ ተነሣ። ላባቱ በካንሰር ታሞ ሞተ፤ ራምቦ ቅፍለቱን ብቻውን መርቶ በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ ሐረርን ይዘው ገና መመለሳቸው ነበርና ዕቃውን የተረከቡት እንጦጦ ላይ ነው፤ በቅናሽ ገዙት፤ ክፍያውንም ሐረር ላይ ከደጃዝማች (ኋላ ራስ) መኮንን እንዲቀበል የሐዋላ ወረቀት ሰጡት። የላባቱ አበዳሪዎችም ከየአቅጣጫው መጡበት። በዚህ መሐል ላባቱ የሕይወት ታሪኩን የጻፈባቸውን 34 ደብተሮች ራምቦ ከሟቹ ሚስት ቤት አግኝቶ አቃጠላቸው፤ ይህን ለፈረንሳይ ምክትል ቆንስል ራሱ ጽፏል። ገጣሚው የሌላ ሰው ጽሑፍ በእሳት ማጥፋቱ ከሕይወቱ ሁሉ የሚከብደኝ ቦታ ነው። በዚያው ዓመት ከካይሮ ሲጽፍ ስምንት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ወርቅ ወገቡ ላይ ታጥቆ እንደሚዞርና እንዳሳመመው ይናገራል።

ባሪያ ነጋዴ ነበር የሚለው ክስ ማስረጃ አላገኘም። ነገር ግን በ1889 የምኒልክ አማካሪ ለነበረው ስዊዛዊው አልፍሬድ ኢልግ በጻፈው ደብዳቤ ሁለት ባሪያ ልጆች ለአገልግሎት እንዲገዛለት መጠየቁ የታወቀ ነው፤ ኢልግ እንቢ አለው። ይህን ደብቆ ራምቦን ማክበር አይገባም።

ከ1888 እስከ 1891 ሐረር ላይ የራሱን ንግድ አቋቁሞ ሠራ። እሱ ሚዛን ላይ ቆሞ ቡና ሲያስመዝን ፓሪስ ውስጥ ስሙ ይገን ነበር። ቬርሌን «የተረገሙ ገጣሚዎች» ባለው ሥራው አስተዋወቀው፤ በ1886 ኢሉሚናስዮን በመጽሔት ሲወጣ «ሟቹ አርተር ራምቦ» ተብሎ ነው የታተመው። በ1890 የአንድ የማርሴይ መጽሔት አዘጋጅ «ውድ ገጣሚ» ብሎ ደብዳቤ ላከለት። ደብዳቤውን ራምቦ ሳይጥለው አስቀምጦታል።

በ1891 መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱ አበጠ። ኤፕሪል 7 ቀን 16 ሰዎች እየተፈራረቁ በቃሬዛ ተሸክመውት ከሐረር ወጣ፤ በረሃውን አቋርጠው ዘይላ አደረሱት። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ ራስ መኮንንም አጽናንተው ጻፉለት። ኖቬምበር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ባለው ቀን ለአንድ የመርከብ ኩባንያ ሹም ያጻፈው ደብዳቤ በስንት ሰዓት መርከብ ላይ እንደሚያሳፍሩት ይጠይቃል። በሐረር ላገለገለው ለጃሚም ገንዘብ እንዲሰጠው ተናዟል።

ገጣሚው ፖል ክሎዴል በ1886 ኢሉሚናስዮንን አንብቦ ሕይወቱ እንደተለወጠ መስክሯል፤ በ1920ዎቹ የተነሡት፣ ሕልምንና ስውር ሐሳብን የጥበብ ምንጭ ያደረጉት ሱሪያሊስቶች «እኔ ሌላ ነው» የሚለውን መነሻቸው አደረጉት፤ ገጣሚው ሬኔ ሻር ስለ ራምቦ ደጋግሞ ጽፏል። አዲስ አንባቢ ግን ከእነዚህ አይጀምር፤ ከኢሉሚናስዮንም አይጀምር፤ በሩ ጠባብ ነው። መጀመሪያ «ሸለቆ ውስጥ የተኛው»፣ ቀጥሎ «የሰከረው ጀልባ»፣ ከዚያ «መጥፎ ደም»፣ በመጨረሻ «የባሕር ሥዕል» ቢነበቡ መንገዱ ይገለጣል። ፈረንሳይኛ የሚችል ደግሞ ጀልባውን ጮክ ብሎ ያንብበው፤ የወል ቤት የለመደ ጆሮ ስላለው በየስድስተኛው ቀለም ለማረፍ ይሞክር፤ ራምቦ የት ላይ እንደሚከለክለው ያኔ ያገኘዋል።